የሚስተር ቨርሎን እግር

እሑድ ማርች 15 ቀን 1998፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ሚስተር ቨርሎን ስተኪ በሆሊክ አዳራሽ መድረክ ላይ ስቲል ጊታራቸው ፊት ተቀመጡ። ናዲን ሩሽካ ሰዓቱን በትክክል የምታውቀው ከቢራ መሸጫው በላይ የተሰቀለውን ሰዓት ደጋግማ ታይ ስለነበር ነው። ይህችን ደቂቃ አምስት ወር ጠብቃታለች።

ናዲን አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። በሥራ ቀን ትራክተር ትጠግናለች፤ ቅዳሜና እሑድ በጎረቤት ከተማ ባንድ ውስጥ ስቲል ትጫወታለች። ይህን መሣሪያ መጀመሪያ ያየችው እዚሁ አዳራሽ ነው፤ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከአባቷ ጋር ለጭፈራ መጥታ። አልጨፈረችም። ጠባብ ጠረጴዛ የመሰለውን ጊታር፣ በላዩ የሚንሸራተተውን ብረት፣ ከሥሩ ፔዳል የሚረግጠውን ግራ እግር ስታይ ዋለች። እግሩ ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር ክሩ ይወጠራል፤ ድምፁም ሰው እንባውን ሲውጥ እንደሚያሰማው ሆኖ ወደ ላይ ይሳባል። በመጨረሻ ሚስተር ቨርሎን ከመድረኩ ጎንበስ ብለው፣ «አንቺ ልጅ፣ ጫማዬን ልትገዢኝ ነው እንዴ?» አሏት።

ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትከተላቸው ኖረች። ብዙ አይጫወቱም ነበር፤ እሷን የማረካትም ይኸው ነው። ዘፋኙ ሲዘፍን እጃቸውን ክሮቹ ላይ አሳርፈው ዝም ይላሉ። ትንፋሹ ሲያልቅ፣ ገና አፉን ሳይዘጋ፣ ሁለት ድምፅ ብቻ ያስገባሉ። በዚያች ሁለት ድምፅ ዘፈኑ ስለ ማን እንደሆነ ለሰሚው ይገባዋል። ናዲን ያቺን መግቢያ ለማግኘት ዕድሜዋን ፈጀች፤ ሁልጊዜ ወይ ትቀድማለች ወይ ትዘገያለች።

በኦክቶበር ስትሮክ መታቸው። እስከ ገና እግራቸው ተመለሰ፣ አንደበታቸውም ተፈታ። ነገር ግን ስም ይጠፋባቸው ጀመር፤ አንድ ቀን ሚስታቸውን ሚስ ኦፓልን በሞተች እህታቸው ስም ጠሯቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስቲሉን ለመንካት ፈሩ።

«ዘፈኖቹም አብረው ሄደው እንደሆነስ?» አሏት ለናዲን።

«እስኪ እዚሁ ቤት ይሞክሩት፣ ሚስተር ቨርሎን። እኛ ብቻ ነን።»

«ቤት ሞክሬ እምቢ ቢለኝ ምን ብዬ ነው አዳራሽ የምሄደው? አንዴ ነው የምሞክረው። ሰው ፊት። ካለ አለ፤ ከሌለም ተነሥቼ እወጣለሁ፣ ሁለተኛ አታነሡብኝም።»

«ይሄ በቅሎ!» አሉ ሚስ ኦፓል ከወጥ ቤት። «ሐኪሙ ጭንቅላትህን ሲያይ ግትርነቱን ቢያወጣልኝ ምን ነበረበት?»

ቀኑ ተቆረጠ። ስቲሉ ግን ክረምቱን ሙሉ ማንም ሳይነካው በመክረሙ ዝጎ ነበር። ናዲን «ለእኔ ተዉት» ብላ ወደ ጋራዧ ወሰደችው። ከሥሩ ያሉትን፣ ፔዳሎቹን ከክሮቹ ጋር የሚያገናኙትን ቀጫጭን ዘንጎች አንድ በአንድ ፈታች፣ በጋዝ አጠበች፣ በዘይት ወለወለች፣ መልሳ ገጠመች። ሲያልቅ ቁጭ ብላ በራሷ እግር ሞከረችው። እንደ ውኃ ይፈስሳል። ብቻዋን ጋራዥ ውስጥ አለቀሰች፤ ለሳቸው እንዲህ ያለ ነገር ሠርታላቸው አታውቅም።

እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። ዘፋኙ ሮይስ ማይኩን ይዞ፣ «ይሄ ሰውዬ አምስት ወር ተኝቶ ነው የከረመው፤ እኔ ላብ ሳፈስ!» አለ። ሕዝቡ ሳቀ። ሚስተር ቨርሎን ክር የሚመቱባቸውን የብረት ጥፍሮች ጣታቸው ላይ እየሰኩ፣ «አንተ ስትዘፍን ያልተኛ ማን አለ?» አሉት። ሕዝቡ ጮኸ። ናዲን ከመድረኩ አጠገብ፣ በልጅነቷ የቆመችበት ቦታ ቆማ፣ ደግ ቀን ነው አለች በልቧ።

የመጀመሪያው ዘፈን ቀርፋፋ ቫልስ ነበር። ጥንዶች ወለሉ ላይ ወጡ። ሮይስ የመጀመሪያውን ስንኝ ዘፈነ፤ ትንፋሹም አለቀ። ሚስተር ቨርሎን ገቡ፤ ልክ በቦታዋ፣ ልክ በሰዓቷ። እግራቸው ፔዳሉን ረገጠ።

የወጣው ድምፅ ሌላ ነበር። ድምፁ ከፍ ሊል የሚገባው ክር ባለበት ቀረ፣ ሊቀር የሚገባው ከፍ አለ፤ በር ሲጢጥ ሲል የሚመስል ነገር አዳራሹን ሞላ። ብዙ ሰው ፈገግ ብሎ መጨፈሩን ቀጠለ። ሮይስ ሁለተኛውን ስንኝ ዘፈነ። ሚስተር ቨርሎን እንደገና ገቡ፤ እንደገና ያው። በሦስተኛው እጃቸውን አነሡ። ወደ ስቲሉ አልተመለከቱም። ወደ እግራቸው ነው የተመለከቱት፤ ቤታቸው ገብቶ ያገኙት የማያውቁት ሰው ይመስል።

ብረቱን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ሄዷል» አሉ። ማይክ ስላልነበራቸው የሰማችው ናዲን ብቻ ናት። ሚስ ኦፓል መጥተው ክንዳቸውን ያዙ፤ በጎን በር ይዘዋቸው ወጡ። ሮይስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቫልሱን በባንዱ ቫዮሊን ተጫዋች አስጨረሰ።

ናዲንም እንደ ሌላው ሰው በሽታው ነው ብላ አመነች። መድረኩ ላይ ወጥታ ስቲሉን ልትሸክፍ ተንበረከከች፤ ዓይኗ በእንባ ስለተጋረደ በእጇ ዳሰሰችና ክሩን ነክታ አንደኛውን ፔዳል ገፋች። የክሩ ድምፅ ከፍ አለ። ትክክለኛው ክር። እሷ የምትጠብቀው።

ፔዳሉን ደግማ ገፋች፤ ያው።

ሚስተር ቨርሎን ፔዳሎቻቸውን ተገላቢጦሽ ነበር የሚያስገጥሙት፤ ሌላው ተጫዋች በግራ ያለውን እሳቸው በቀኝ። ከወጣትነታቸው ጀምሮ እንዲያ ነው የለመዱት። ይህን ከናዲን በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ያየችው ያንን እግር አይደል? ግን ስትገጥም እጇ የራሷን ልማድ ተከተለ። ስትሞክረውም በራሷ እግር ሞከረችው፤ በራሷ እግር ደግሞ እንደ ውኃ ፈሰሰ።

ስቲሉን ፒክአፗ ላይ ጭና ወደ ቤታቸው በረረች። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን በረንዳው ላይ ቆማ የሽቦ ወንፊቱን በር ታንኳኳ ነበር። ሚስ ኦፓል ወጡ። ሚስተር ቨርሎን ከበሩ ወዲያ፣ ሳሎን ውስጥ፣ ጫማቸውን አውልቀው ተቀምጠዋል።

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት!» አለች ናዲን በወንፊቱ በኩል። «ዘንጎቹን አቀያይሬ ገጠምኳቸው። ፔዳሎቹ በእኔ አቀማመጥ ናቸው። ምንም አልሆኑም፣ ሚስተር ቨርሎን። እግርዎ ልክ ነበር።»

ሚስተር ቨርሎን፣ «ሠርተሽ ስትጨርሺ ሞክረሽዋል?» አሉ።

«ሞክሬዋለሁ።»

«እንዴት ነበር?»

«ጥሩ… በጣም ጥሩ ነበር። ግን በእኔ እግር—»

«ናዲን። የትራክተር ሞተር በጆሮሽ ብቻ ሰምተሽ የቱ ብሎን እንደላላ ትናገሪያለሽ። እንዲያ ያለች ሴት ሁለት ዘንግ አይምታታባትም።»

«ተሳሳትኩ እኮ ነው የምልዎት!»

«ደግ ልጅ ነሽ። ደግ ሰው እንዲህ ነው የሚዋሸው። ሂጂ ቤትሽ ግቢ።»

ናዲን ሚስ ኦፓልን አየቻቸው። ሚስ ኦፓልም ዓይናቸውን ሰበሩ፤ እሳቸውም አላመኗትም። ሚስተር ቨርሎን ለሰው ሁሉ «ከእኔ የተሻለች ጆሮ» እያሉ ያመሰግኗት ነበር፤ አሁን ያችው ምስጋና በሩን ዘጋችባት።

ናዲን ስቲሉን ከፒክአፗ አምጥታ በረንዳው ላይ አወረደች። ገለበጠችው። መፍቻዋን አምጥታ ዘንጎቹን መፍታት ጀመረች። አንዲት ብሎን ከእጇ አምልጣ በሳንቃው ስንጥቅ ገባች፣ ሚስ ኦፓል በጸጉር መያዣቸው አወጡላት። ሚስተር ቨርሎን ከሳሎን አልተነቃነቁም። ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ሆነ።

ገጥማ ጨረሰች፣ አቆመችው፣ የበረንዳውን ወንበር ሳበች። አስባ አይደለም። የጠገኑትን መሞከር ልማድ ስለሆነ እጇ በራሱ ወደዚያው ቫልስ ሄደ፣ እግሯም የለመደውን ፔዳል ረገጠ።

በር ሲጢጥ ሲል የሚመስለው ድምፅ ወጣ። ያው። በአዳራሹ የተሰማው ራሱ።

«ውይ፣ አንቺ የተረገምሽ እግር!» ብላ ጮኸችና ጭኗን በጡጫ መታች። ከዚያ ግንባሯን ክሮቹ ላይ ደፍታ ተንሰቀሰቀች፤ ክሮቹም ከሥሯ ጉርም ጉርም አሉ።

የወንፊቱ በር ሲጢጥ አለ። ሚስተር ቨርሎን በካልሲያቸው ወጥተው አጠገቧ ቆመዋል።

«እስኪ ድገሚው» አሉ።

ደገመችው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«እሱ ነው። አዳራሽ የሰማሁት ይሄንኑ ነው፤ ፔዳሉ እንጂ እግሬ አልነበረም። ኦፓል፣ ሰማሽው?»

«ሰማሁት» አሉ ሚስ ኦፓል።

«ይቅር ይበሉኝ» አለች ናዲን። «ሁለት መቶ ሰው ፊት…»

«ተነሺ» አሏት። «ወንበሬን ልቀቂ።»

ሚስተር ቨርሎን እስከ እራት ተጫወቱ። እንደ ድሮው አልነበረም፤ ግራ እጃቸው ብረቱን ያንቀጠቅጠው ነበር፣ አንድ ዘፈን ከመሃሉ ጠፍቶባቸው ተዉት። እግራቸው ግን አንድም ጊዜ አልሳተም። ሲያበቁ በሚመጣው እሑድ አዳራሹ እንዲጠብቃቸው ለሮይስ ደውለው ነገሩት።

ረቡዕ ጠዋት ሁለተኛው ስትሮክ መጣ፤ ቀኝ እጃቸውን ወሰደ። ናዲን እሑድ አዳራሽ ሄዳ፣ ማይኩን ከሮይስ ተቀብላ፣ ጥፋቱ የእሷ እንደነበረ ተናገረች። ሰዎች ትከሻዋን መታ መታ አደረጉላት። ለሽማግሌው ክብር ብላ ነው፣ ምን ያለች ደግ ሴት ናት ተባባሉ።

ሚስተር ቨርሎን ኦገስት 11 ቀን ሞቱ። በቀብራቸው ላይ ስቲል የተጫወተ ሰው አልነበረም።