የማይረግብ ገመድ

እስከዚያ ሐምሌ ድረስ በጫካው ሰባተኛ ተብሎ የተመዘገበው የጊቦኖች፣ የእነዚያ ጦጣ መሰል የዛፍ እንስሳት፣ ቤተሰብ አራት አባላት ነበሩት፤ ጥቁሩ አባት፣ ወርቃማዋ እናት፣ የስድስት ዓመት ሴት ልጃቸውና ከእናቱ ሆድ የማይላቀቅ ግልገል። ጅራት የላቸውም፤ ክንዳቸው ከእግራቸው ይረዝማል፤ መሬት አይረግጡም። ከምሥራቁ ጫካ ወደ ምዕራቡ የሚሻገሩት በአንድ ቦታ ብቻ ነበር። እዚያ ከጅረቱ ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት ያረጁ ዛፎች ቅርንጫፎቻቸው ሊነካኩ አንድ ሜትር ተኩል ይቀራቸው ነበር። የጫካው ጠባቂ አኬይ ይህን ሁሉ ለሃያ ዓመት በደብተሩ ጽፏል። እናቲቱን የሚያውቃት ጡት ከምትጠባበት ጊዜ ጀምሮ ነው።

ከዚያ ሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ ተራራውን ናደው። ሁለቱም ዛፎች ሄዱ። በቦታቸው አሥራ ስድስት ሜትር ስፋት ያለው ቀይ የአፈር ገደል ቀረ። እናትና ግልገል በምዕራብ፣ አባትና ልጅ በምሥራቅ ቀሩ። እንደ ልማዳቸው ጠዋት ጠዋት እናቲቱ የቤተሰቡን ዜማ ትጀምራለች፤ አባትየው ከማዶ ይቀበላታል።

የጥበቃ ጣቢያው ኃላፊ ፌንግ በምዕራብ በኩል ያሉትን የሾላ ዛፎች ቆጠረች። ዘጠኝ ናቸው።

«ፍሬው ቢበዛ ሰባ ቀን ቢያቆያቸው ነው» አለችው። «ጋሽ አኬይ፣ እውነቱን ልንገርዎ። ከዚያ በኋላ በማደንዘዣ ይዘን ወደ ማርቢያ እንድንወስዳቸው ታዘናል።»

«አጥር ውስጥ?»

«አጥር ውስጥ።»

«እንግዲያው በሰባ ቀን ውስጥ ትሻገራለች።»

አኬይ ከተራራው ነዋሪዎች፣ ከሊሱ ብሔረሰብ ነው። ድልድይ ከመሠራቱ በፊት ትምህርት ቤት ይመላለስ የነበረው ወንዙን በገመድ ላይ እየተንሸራተተ በመሻገር ነው። ጥሩ የማሻገሪያ ገመድ ምን እንደሚመስል አስተማሪ አያስፈልገውም። ከከፍታ ወደ ዝቅታ ይወርዳል፣ እንደ ቀስት ጅማት ይወጠራል፣ ስብ ይቀባል። የብረት ገመድ አመጣ፤ ልክ እንደዚያው አድርጎ ከዛፍ ዛፍ ወጠረው።

አሥራ ዘጠኝ ቀን ጠበቀ። ማታ ሚስቱ አጪያ የበቆሎ ገንፎ እያቀረበች ጠየቀችው።

«ዛሬስ ምን ጻፍክ?»

«አባትየው መጣ። ነካው። እጁን አሸተተ። ግንድ ላይ ጠረገ። ሄደ።»

«እኔም ብሆን እሄድ ነበር። የአሳማ ስብ! አንተ ሰውዬ፣ ገመዱን የሠራኸው ለሊሱ ነው። ፍየል ተሸክመው ገበያ ሊወርዱ መሰለህ?»

«ሰው በዚህ ሲሻገር ኖሯል።»

«ሰው ይንሸራተታል። እናቲቱ ስትንሸራተት አይተሃል?»

አኬይ ገንፎውን ትቶ ተነሣና የሃያ ዓመቱን ደብተሮች ከመደርደሪያ አወረደ። የገዛ እጅ ጽሑፉ ሠላሳ አንድ ጊዜ እንዲህ ይላል፦ «ቅርንጫፉን ሁለት ጊዜ ወደ ታች ሳበች፤ ተሻገረች።» አራት ጊዜ ደግሞ፦ «ሳበች፤ አልረገበም፤ ተመለሰች።»

ጽፎታል እንጂ አንብቦት አያውቅም ነበር።

በማግስቱ ብረቱን አወረደ። አባቱ ያደርግ እንደነበረው ቀርከሃ ሰንጥቆ፣ ልጡን ልጦ፣ ከአጪያ ጋር ሁለት ገመድ ገመዱ። የሰው ሽታ እንዲለቀው አምስት ቀን ጅረት ውስጥ ዘፈዘፉት። ፌንግ መጥታ በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው።

«ቢበጠስስ፣ ጋሽ አኬይ?»

ገመዱን ለሙከራ በሁለት ዛፎች መካከል አስሮ፣ አርባ ኪሎ በቆሎ በጆንያ ሞልቶ መሐሉ ላይ አንጠለጠለ። እናቲቱ ከነግልገሏ ስምንት ኪሎ አትሞላም። ጆንያው አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ተንጠልጥሎ አደረ።

በአርባ አራተኛው ቀን ሁለቱን ገመዶች አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች፣ ጫፍና ጫፋቸውን በእኩል ከፍታ፣ መሐላቸውን ላላ አድርጎ አሰረ። ወደ ታች እንዲሳቡ ብሎ ነው።

በሃምሳ ስምንተኛው ቀን ከዘጠኙ ሾላዎች ሰባቱ ፍሬያቸውን ጨርሰው ነበር። ፌንግ ሁለት የእንስሳ ማጓጓዣ ሣጥን በበቅሎ ጭና መጣች።

«ሰባው ቀን ሳይሞላ?» አላት።

«አልሞላም። አልከፍተውም። ግን መንገዱ ሁለት ቀን ይፈጃል።»

«እንግዲያው ተቀመጪበት። ወንበር የለኝም።»

ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች። አጪያም ከጎኗ ተቀምጣ የተቀቀለ ድንች ትልጥላት ጀመር። ቀኖቹ እንዲህ አለፉ።

በስድሳ ሦስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ ላይ እናቲቱ ዜማውን ሳትጀምር ወደ ገደሉ ጫፍ መጣች። ግልገሉ ሆዷ ላይ ነበር። የላይኛውን ገመድ ይዛ ሳበች። ረገበላት። ደግማ ሳበች። የድንች ልጣጭ ከአጪያ እጅ ወደቀ፤ ማንም አላነሣውም።

አሥራ ስድስቱን ሜትር በሰባት ሴኮንድ ጨረሰችው።

አኬይ ሰዓቱን ጻፈ። ከዚያ ወደ ዛፉ ወጥቶ ገመዱን ለካ። መሐሉ ከታሰረበት ቀን ይልቅ አራት ሴንቲሜትር ዝቅ ብሏል። ከሥሩም «ሳበች፤ ረገበ፤ ተሻገረች» ብሎ ጻፈ።