አምስተኛው ደረጃ

«ይኼ ሰውዬ ምስጢር አይቋጥርም፤ ይነግራታል» አለች በሆዷ፣ የሻይ ትሪውን ይዛ በሩ ላይ ቆማ። የሟች ወንድሟ ጓደኛ፣ የሒሳብ አስተማሪው፣ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጦ ወደ ጆሯቸው አዘንብሏል። ሌላው ጓደኛ፣ የታክሲ ሹፌሩ፣ አንገቱን ደፍቶ ኮፍያውን ያሻሻል።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ሳሎኑ በተውሶ ወንበሮች ተጨናንቋል። እሷን እንቅልፍ የነሳት ሞቱ ብቻ አልነበረም፤ ቅዳሜ ዕለት ወንድሟን የተናገረችው ነገር እናቷ ጆሮ እንዳይገባ መፍራቷም ጭምር ነው። የሰሙት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ትሪውን እያዞረች ቀረበች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራቱ ሹፌሩ ቤት ይሰበሰቡ ነበር። ጨዋታው ወረቀት፣ እርሳስ፣ ዳይስና ብዙ ወሬ ነው። እያንዳንዳቸው ሆነው የሚጫወቱት አንድ አንድ የፈጠራ ጀግና አላቸው፤ የጀግኖቹን ዓለም ፈጥሮ የሚተርክላቸው ግን ወንድሟ ነበር። የእሷ ጀግና ሰይፍና ጋሻ የያዘች ተዋጊ ናት። ወንድሟ ደረጃ ሲሰጥ ስስታም ስለነበር አምስተኛ ደረጃ ለመድረስ ሁለት ዓመት ፈጀባት። አምስተኛው ላይ መንገዱ ይለያያል፤ አንድም ተዋጊ እንደሆኑ ቀጥሎ በየደረጃው ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ማግኘት፣ አንድም አንዱን ሙያ መርጦ በእሱ ብቻ መራቀቅና ሌላውን ማስረከብ። ባለፈው ቅዳሜ እሷ ቀስተኛ መሆን ፈለገች። ዋጋው ጋሻዋ ነበር።

«ተይ እንጂ እህት ዓለም» አላት ወንድሟ። «ጋሻውን ከሰጠሽ እነዚህን ሁለት ፈሪዎች ማን ይሸፍናቸዋል?»

«ፈሪስ አንተ!» አለ ሹፌሩ እየሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። መነጽር ቤት ሌንስ መሞረድ ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ ሌላ ሥራ አትነካም፣ በዚያ ደግሞ የሚወዳደራት የለም። ወንድሟ ዛሬ ፍሪጅ ይጠግናል፣ ነገ ፀጉር ይቆርጣል፣ ከነገ ወዲያ መኪና መንዳት ያስተምራል።

«ሁሉንም ነካ ነካ ማድረግ አንተን የት አደረሰህ?» አለችው። «ይኸው በአርባ ዓመትህ እናትህ ቤት ነህ። የምንም ባለሙያ አይደለህም።»

ወንድሟ እንደ ምንም ፈገግ ብሎ ዳይሱን ወደ እሷ ገፋ። «በይ፣ ተራሽ ነው» አለ። ማክሰኞ የጎረቤት የውሃ ፓምፕ እየፈታ ሳለ ልቡ ቆመ። በመሃል ሁለት ሙሉ ቀን ነበራት። አልደወለችለትም።

«እንዲያው እዚያ ጨዋታ ላይ ልጄ ምን ነበር?» አሉ እናቷ አስተማሪውን።

«ሁሉንም ነዋ እማማ። ንጉሡ እሱ፣ ባለሱቁ እሱ፣ ዘንዶው እሱ። አንዴማ አዋላጅም ሆኖ ነበር።»

«አዋላጅ? ማንን አዋለደ?»

«ዘንዶዋን።»

እናቷ ሳያስቡት ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ። «ቅዳሜስ ምን ነካው? እራቱን ሳይበላ ነው ያደረው።»

አስተማሪው ቀና ብሎ እሷን አያት።

«ደክሞት ነበር እማማ» አለ ሹፌሩ ቸኩሎ። «ሲሠራ ውሎ ነው የመጣው።»

በቃ፣ አለፈላት። ግን ይህን ውሸት ይዛ ነገም፣ ከነገ ወዲያም እናቷ ፊት ሻይ ልታዞር ነው። ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«አልደከመውም እማዬ። እኔ ነኝ። ሰው ፊት ‹የምንም ባለሙያ አይደለህም› አልኩት።»

አጠገባቸው የነበሩት ለቀስተኞች ዞር አሉ። እናቷ ቀና ብለው አዩዋት። ጩኸቱን ጠበቀች፤ እርግማኑንም ጠበቀች።

«እኔም ያንኑ ሰኞ ጠዋት አልኩት» አሉ እናቷ። «ቁርሱን እየበላ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስለው ኖሬ ሰኞንም አላለፍኳት።»

ወደ ጥግ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። ስትቀመጥ የሻርፓቸውን ግማሽ በትከሻዋ ላይ ደረቡላት፤ ሁለቱን ጫፎች አንድ ላይ ሰብስበውም በጡጫቸው ጨብጠው ያዙ።