ልጆች የበጠበጡት ቀለም

አለቃ ቢሻው ሰይጣንን ቀብተው የጨረሱት በአንድ ጧት ነው። መልአክ ወር ይፈጃል፤ ሰይጣን ግን ቶሎ ያልቃል። ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥላሸት በእንቁላል አስኳል ይለወሳል፣ አንድ ዓይኑ ብቻ እንዲታይ ፊቱ ወደ ጎን ይዞራል፣ ቀንድ ይበቅልለታል፣ አለቀ። አባታቸውም እንዲሁ ነበር የሚሥሉት፤ አባታቸውም ከአባታቸው ነው የተማሩት። አለቃ በሠላሳ ዓመት የሠዓሊነት ዘመናቸው ስንቱን ሰይጣን ጥላሸት ሲቀቡ አንድ ቀን "ለምን?" ብለው አያውቁም። ምን ያስጠይቃል? ሰይጣን ቅር ብሎት አቤት አይል!

ጊዜው ጥቅምት ፲፱፻፶፩ ነው። ከወረታ ወደ ጣና በሚወርደው ሜዳ ላይ ባለች አንዲት የሚካኤል ቤተ ክርስቲያን፣ ለኅዳር ሚካኤል እንዲደርስ የመቅደሱን ግድግዳ ይሥሉ ዘንድ ካህናቱ አለቃን ከጎንደር አስመጥተዋቸዋል። ክረምቱን ሙሉ ፎገራን ሸፍኖት የከረመው ውሃ እየሸሸ ነበር። ጧት ጧት ጉሙ መሬቱን ስለሚለብሰው ከደጀ ሰላሙ ላይ ሲታይ ሜዳ የሚባል ነገር የለም። ክረምቱን ወደ ደጋው ወጥተው የተመለሱት ከብቶች እግር አልነበራቸውም፤ ጥቁርና ነጭ ጀርባቸው ብቻ በጉሙ ላይ ሲንሳፈፍ ይታያል። አለቃ ብሩሻቸውን እንደያዙ ያንን እያዩ ይቆሙና ነቅተው ይሁን ተኝተው ይጠፋቸዋል። ፎገራ ሰው ቁሞ የሚያልምበት አገር ነው።

ለቀለሙ የሚሆነውን እንቁላል በየቀኑ የምታመጣላቸው ትሁን የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ የይታይሽ ልጅ። እንቁላሎቹን በሁለት እጇ እንደ ታቦት ይዛ ትገባና ከመሰላሉ ሥር ቁጭ ብላ ጥያቄዋን ታዥጎደጉደዋለች። ሚካኤል ሲተኛ ክንፉን ወዴት ያደርገዋል? ክንፉ ዝናብ ሲመታው ይከብደዋል? አለቃ "ዝም በይ፣ መስመሩን አበላሸሽብኝ!" እያሉ ይቆጧታል። አንድ ቀን ያረፈደች እንደሆን ግን ብሩሻቸው አይሄድላቸውም።

ሰይጣኑ ከተቀባ በኋላ ልጅቱ ቀረች። እንቁላሎቹ ከውጭ በሩ ሥር ተቀምጠው ይገኛሉ፤ ትሁን የለችም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። በአራተኛው ቀን አለቃ መንገዷን ጠብቀው ወጡ። እንቁላሉን አስቀምጣ ስትሸሽ ከዋርካው ሥር ደረሱባት።

"ምነው ልጄ፣ አኮረፍሽኝ?"

"አላኮረፍሁም።"

"እና ለምን አትገቢም?"

"ይረግጠኛል።"

"ማን?"

"ሚካኤል።"

ነገሩን ያወጣጡት በብዙ ልመና ነው። በየኔታ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ፊደል የሚቆጥሩት ልጆች ሥዕሉን አይተዋል። ከመካከላቸው ደረሰ የሚባለው፣ እናቱ "ቀዩ ልጄ" እያለች ያሞላቀቀችው ቀበጥ፣ ገና በመስመር ብቻ ከተነደፈው መልአክ እግር ሥር ያለውን ጥቁር ፍጡር አየና "ትሁንን ይመስላል!" አለ። ከዚያ ወዲህ በየመንገዱ "ሚካኤል የረገጠሽ!" ይሏታል። ይታይሽ በበኩሏ ልጇ ፈንጣጣ በታመመች ጊዜ ተስላለች፤ ከዳነች ለኅዳር ሚካኤል ልታቆርባት። አሁን ግን ልጅቱ ከበሩ ስትደርስ እንደ ወባ በሽተኛ ትንቀጠቀጣለች። እናትየው ለመነች፣ ገረፈች፣ አለቀሰች፤ አልሆነም። ስለቱም ይቀራል፣ ልጅቱም ደግማ ከቤተ ክርስቲያን አትገባም ማለት ነው።

አለቃ የትሁንን እጅ ያዙና አዩት። ከዚያ ጥላሸት የነካካውን የራሳቸውን ጣት አዩ። አፈሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ አፍረው አያውቁም።

መጀመሪያ ያሰቡት ደረሰን ማስገረፍ ነበር። የኔታ እንደሆኑ አለንጋ ለማንሳት ምክንያት አይፈልጉም። ግን ቆም ብለው ሲያስቡት ነገሩ ወደ ራሳቸው ዞረ። ልጁ ምን አደረገ? ያነበበው እኔ የጻፍሁትን ነው፣ አሉ።

በማግሥቱ ልጆቹን ሁሉ ከቅጥሩ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ ሰበሰቧቸው። በአራት ቅል ቀለም አቀረቡ፦ ጥላሸት፣ ቀይ አፈር፣ ቢጫ አፈር፣ ኖራ። "የሚካኤል መልክ ጠፋኝ። ሽማግሌ ነኝ፣ ዓይኔ ደክሟል። እያንዳንድሽ የገዛ እጅሽን መልክ በጥብጭልኝ። እጅሽ ላይ ስትቀቢው መቀባቱ ካልታወቀ እሱ ነው ትክክሉ" አሏቸው። ልጅ ተንቦጫረቅ ተብሎ ታዞ እምቢ ሊል ነው? የመበጥበጫ ሸክላ ስባሪውን እያነሣ ተሻማ።

ደረሰ ቀድሞ ቀዩን ቅል ያዘ። "እኔ ቀይ ነኝ!" ብሎ ክንዱን ለቀለቀው። ክንዱ በርበሬ መሰለ። ልጆቹ ሳቁበት። ተናደደና ኖራ ጨመረበት፤ የተነጨ ዶሮ ሆኖ አረፈው።

"ጥላሸት ጠብ አድርግበት" አሉ አለቃ።

"እኔ? ጥላሸት?"

"ትንሽ።"

ደረሰ ጥቂት ጠብ አደረገና በጣቱ አማሰለው። ቀለሙ ሰከነ፤ ሥጋ ሥጋ አለ። ቢጫ ጨመረ። ክንዱ ላይ ቀባው፤ የቀባው ጠፋ። ልጁ ክንዱን ወደ ፀሐይ ከፍ ዝቅ እያደረገ ቢፈልገው ቢፈልገው አጣው። "ኧረ የለም!" አለ፤ ድምፁ እንኳ ቀንሶ ነበር።

ትሁን ከራቀችበት ቀስ እያለች መጣች። ማንንም ሳታይ ጥላሸቱን ብቻ አነሣችና ክንዷን ቀባች። የሞተ፣ የደረቀ ነገር ሆነ። አለቃ ሊናገሩ አፋቸውን ከመክፈታቸው ሌላ ሰው ቀደማቸው።

"አይደለም! አንችን አይመስልም" አለ ደረሰ፤ ጨዋታው ውስጥ ገብቶ ስድቡን ረስቶታል። "ቀይ ጨምሪበት እንጅ! ቢጫም! ኧረ ብዙ!"

ጨመረች። ከቀዩ ብዙ፣ ከቢጫው መለስ ያለ፣ ከኖራው በጥፍሯ ጫፍ። ጥላሸቱ ሕይወት ዘራ። አዲስ የታረሰ ዋልካ የጧት ፀሐይ ሲያርፍበት የሚይዘው ዓይነት መልክ ወጣ። ክንዷ ላይ ስትቀባው እንደ ሌሎቹ ጠፋ። እስከ ቀትር ድረስ እንዲህ ሲበጠብጡ ዋሉ፤ ሁሉም በየክንዱ ያጣውን መልክ ሲፈልግ፣ አንዱ የሌላውን እጅ እያገላበጠ ሲያይ፣ "ያንተ ውስጥ ቢጫ አለ፣ የኔ ውስጥ ቀይ በዝቷል" እየተባባለ። ከአራቱ ቅል አንዱን እንኳ አስቀርቶ መልኩን ያገኘ ልጅ አልነበረም። ጥላሸት ለሁሉም ገብቷል።

"እንግዲያ ሰይጣንን በማንኛችሁ መልክ ልቀባው?" አሉ አለቃ።

ልጆቹ ሸክላቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። አንድም የሚሰጥ ጠፋ።

ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባላል። የዚያን ቀን ልጅ የበጠበጠው ለመልአክ በቃ። አለቃ ከሁሉም የትሁንን መረጡ፤ ለማባበል ብለው አይምሰላችሁ፣ ሥራቸውን የሚያውቁ ሰው ናቸው። በእሷ መልክ ላይ ቢጫዋን ጠብ ሲያደርጉ ብርሃኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ በገረጣው ላይ ግን ይበተናል። የሚካኤልን ፊት፣ እጅና እግር በዚያ ቀቡት። ሰይጣኑን ፍቀው የረጋ ውሃ አረንጓዴ አለበሱት። አንድ ዓይኑን ግን አልነኩበትም። ክፋቱ ያለው እዚያ ነው፣ ሰውን በጎኑ የሚያይበት ላይ።

ቄሰ ገበዙ አያልነህ ሥራውን ሊያዩ ገቡና ደነገጡ። "አለቃ፣ ሚካኤል ምነው ጠቆረ?" ብለው ጣታቸውን ቀሰሩ። የተቀሰረው ጣትና የመልአኩ ጉንጭ ጎን ለጎን ሆኑ፤ ጣቱ ይብስ የጠቆረ ነበር። ቄሰ ገበዙ ጣታቸውን አዩ። ቀስ ብለው ወደ ጋቢያቸው መለሱት።

"ክንፉን አሳምሩት" ብለው ወጡ።

ኅዳር አሥራ ሁለት ደረሰ። ጉሙ ቤተ ክርስቲያኑን ከነዛፎቹ ውጦት ከበሮው ከሰማይ የሚመጣ ይመስል ነበር። አለቃ ከግድግዳው ጥግ ቆመው የሴቶቹን በር ያያሉ፤ ቅዳሴው በአንድ ጆሯቸው ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሥዕል ሰውን ያስገባል ወይ? አያውቁም። ማስወጣቱን ግን አይተዋል።

ይታይሽ ልጇን በእጇ ይዛ ከጉሙ ወጣች። ከደፉ ሲደርሱ ትሁን ቀጥ አለች። ይታይሽ አንገቷን እንደደፋች በሹክሹክታ ትለምናታለች። ይች ሴት አንገቷን መድፋት የጀመረችው በልጅነቷ ነው፤ ውሃ ስትቀዳ "ጠቋራዋ"፣ ስትዳር "መልክ ባይኖራት ሙያ አላት" እየተባለች የኖረች ናት። ከዚህች ቤተ ክርስቲያን ስትመላለስ ከምንጣፉ በቀር ያየችው ነገር የለም።

ትሁን ቀና አለች። አየች። ረጅም ጊዜ አየች።

"እማ" አለች፤ በሹክሹክታ መስሏት እንጂ ቅድስቱ በሙሉ ሰምቷል። "አንችን ይመስላል።"

ይታይሽ ምን እንደተባለች አልገባትም። ልጅቱ እጇን ጎተተቻት። ያን ጊዜ አንገቷን ቀና አደረገችና ክንፉን ዘርግቶ የቆመውን አየችው፤ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ሰይፍ የያዘ እጁን። እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። አለቃም ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ትሁን እናቷን እየመራች ገባች።