ቆጣሪዋ ያልጻፈችው ሞት

በ1998 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ረቡዕ፣ ጋፋት እኛ ቤት ደጃፍ ላይ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፤ እናቴ የሺ፣ ወንድሟ ጋሼ ሙላቴ፣ ከደብረ ታቦር የመጣችው ቆጣሪ ትዝታ፣ እና እኔ።

ትዝታ የምትሠራው መንግሥት ስንት ሰው ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ለማወቅ በሚያደርገው ጥናት ነው። ሁሉም ቤት አይጠየቅም፤ ዕጣ የወጣበት ብቻ ነው፤ የእኛም ወጥቶ ነበር። ጋሼ ሙላቴ ገና ሳትቀመጥ ላሞቹንም ትቆጥሪያለሽ ወይ ብለው ጠየቋት። አልቆጥርም አለች። "እንግዲያው ነገሩ ግብር አይደለም፤ ተቀመጪ" አሏት።

እናቴ አልሳቀችም። ጥቁር ለብሳለች። ጥቁሩ በኅዳር ለሞተችው ለአክስቴ ለአበበች ነው፤ ሰው የሚያውቀው ይህን ነው። ሁለተኛውን ኀዘን የምናውቀው እኛ ሦስታችን ብቻ ነበርን። ታላቅ ወንድሜ ጌጡ ከሁለት ዓመት በፊት ከሐሙሲቱ ባለሱቅ ከሙባረክ ልጅ ከሙስጠፋ ጋር በመተማ በኩል ሱዳን ገብቶ ድምፁ ጠፍቷል። በታኅሣሥ እናቴ ሐሙሲት ገበያ ወርዳ ከሙባረክ ሚስት ከእትዬ ዙበይዳ ጋር ተገናኘች። እሳቸው እንዳዩዋት ከሱቁ ወጥተው አቀፏት፤ አለቀሱ፤ ለለቅሶ ቤት የሚሰጠውን ስኳር ጠቅልለው አስያዟት። ስለ ልጆቹ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

አክስቴ ሐሙሲት የእሳቸው ጎረቤት ነበረች። ስለዚህ እናቴ፣ ለእህቴማ በቀብሯ ቀን አልቅሰው መሆን አለበት፤ ይህ እንባ የጌጡ ነው ብላ አሰበች። መርዶ ደግሞ በእኛ አገር ጎህ ሳይቀድ በሽማግሌ ነው የሚነገር፤ በገበያ መሀል የሚደፍር የለም። አልጠየቀችም። ቤት መጥታ ለጋሼ ሙላቴ ነገረቻቸው። ለቅሶው ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ በዚህ በመጪው ሰኞ እንዲሆን ተስማሙ፤ ለጠላው ጌሾ ተወቀጠ።

ትዝታ የቤቱን ሰው በየስሙ ጻፈች። ከዚያ ባለፉት አምስት ዓመታት ከዚህ ቤት ወጥቶ ሌላ አገር የሄደ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

"ነበረ" አለች እናቴ። "ሞቷል።"

ትዝታ እርሳሷን ከወረቀቱ አነሣች። ነፍስ ይማር ካለች በኋላ፣ የሞተ ሰው የሚጻፈው በሌላ ገጽ እንደሆነ፣ እዚያም የሞተበትን ወርና ቦታ እንደምትጠይቅ ቀስ ብላ አስረዳች። እናቴ ወሩን አታውቅም። ቦታውንም አታውቅም። ማን እንደነገራት ስትጠየቅ የእትዬ ዙበይዳን እንባና ስኳሩን ተረከች።

"እማማ የሺ፣ እኔ የምጽፈው የቤቱ ሰው የሚያውቀውን ነው" አለች ትዝታ። "በእንባ ሞት አልጽፍም። ቦታውን ባዶ እተወዋለሁ፤ ቅዳሜ እመለሳለሁ። እስከዚያ ጠይቁ።"

"መርዶ ተጠይቆ ያውቃል ወይ፣ ልጄ?"

"እርስዎ አይጠይቁ። ልጅዎ ይጠይቅ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እግሬን አየሁ። ጋሼ ሙላቴ "ይኼማ ሱቅ ገብቶ ጨው ስጡኝ ማለት የሚያፍር ነው" አሉ። በማግስቱ ግን ሚኒባስ ተሳፍሬ ሐሙሲት ወረድሁ።

ከሱቁ ፊት ብዙ ቆምሁ። ጠርተው ያስገቡኝ እትዬ ዙበይዳ ራሳቸው ናቸው፤ የጌጡ ወንድም መሆኔን በመልኬ ለዩ። በመንገድ ያሰብሁትን ሁሉ ረስቼ "ጌጡ የት ነው የተቀበረው?" አልሁ።

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። "ማን ቀበረው? ገዳሪፍ ወፍጮ ቤት ነው ያለ፣ ከሙስጠፋ ጋር። ባለፈው ዓርብ ደውለዋል እኮ።"

ከዚያ ነገሩ ተፈታ። አክስቴ ስትቀበር እሳቸው የወለደችውን ልጃቸውን ሂክማን ሊያርሱ ባሕር ዳር ነበሩ፤ ያ እንባ ለቀብሯ ያልደረሱላት ለአበበች ነበር። ልጆቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የደወሉት እሷ ከሞተች በኋላ ነው። ጥቁር ለለበሰ ሰው የደስታ ወሬ መንገር ነውር ስለሆነ፣ እናቴ ጥቁሩን እስክታወልቅ እየጠበቁ ነበር።

ጋሼ ሙባረክ ነገ ይደውላሉ ብለው እንድሄድ አልፈቀዱም፤ አሳደሩኝ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ስልኩ ጠራ። የጌጡ ድምፅ ጎርንኗል። እኔ ምንም ማለት አቅቶኝ ስቆይ "ፋሲል ነህ" አለኝ። "እንዲህ ዝም የሚል ሌላ ሰው የለም።"

ማታ ቤት ገብቼ ስነግራት እናቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጋሼ ሙላቴ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ያን ስኳር እስከዚያ ቀን ማንም አልነካውም ነበር፤ እናቴ ፈትታ ሻይ አፈላችበት።

ቅዳሜ ትዝታ መጣች። እናቴ ሳትጠየቅ "ገዳሪፍ ነው፤ ወፍጮ ቤት" አለቻት። ትዝታ በባዶው ቦታ ጻፈች፤ ሲሄድ ዕድሜው ስንት እንደነበረና ለምን እንደሄደም ጠየቀች። ሻይዋን ጠጥታ ዕጣ ወደ ወጣበት ወደ ሌላው ቤት ሄደች። የሰኞው ለቅሶ ቀረ። ጠላው በማግስቱ እሑድ ለአስተርዮ ማርያም ተጠጣ፤ እናቴም ጥቁሩን እስከ አበበች ሙት ዓመት ለበሰች።