ስም ያለው ድንጋይ

የመስጊዱ ቀብር አስተባባሪ ሐጂ ሙሀመድሰዒድ ፎርሙን ከሻይ ፔርሙሱ አጠገብ ዘርግተው፣ ነዚፋ የምትጽፍበትን መስመር በጣታቸው አሳዩዋት። በባሏ መቃብር ላይ ለሚደረገው ድንጋይ የሚቀረጸው ስም ነው። የባል ሐዘን መጠበቂያዋ ዒዳ ላይ ስለሆነች ከቤት አትወጣም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ራሱ አትላንታ ዳር ዶራቪል ድረስ፣ አፓርትመንቷ መጣላት። የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ ዱዓ ተደርጎ ፍራሹ ይነሳል።

«አብዱረህማን እንድሪስ ብለሽ ጻፊና ሳይን አድርጊ» አሏት። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ መርዶው ትናንት ወሎ መድረሱን ነገሯት። የእናቱን አገር ከማስታወሻ ደብተሩ አግኝተው፣ ከደሴ ሰው ልከው ነበር። እሷን አልጠየቋትም። ሐዘንተኛ አያረዳም፤ ደንቡ ነው።

«ምን አሉ?» አለች ነዚፋ።

ሐጂ አመነቱ። አሮጊቷ እናቱ የተናገሩት ነገር መርዶ ነጋሪዎቹን ግራ አጋብቷቸዋል። «‹አብዱረህማኔ እስከ ዛሬ በሕይወት ነበር? ጣሪቅ አግኝቶት ነው? ምነው ታዲያ ሳይነግረኝ?› ብለው አለቀሱ አሉ። ጣሪቅ ይደውልልኝ፣ ድምፁን ልስማ ብለዋል። ጣሪቅ የሚባል ወንድም አለው እንዴ?»

እስክሪብቶው ነዚፋ እጅ ላይ ቆመ። ጣሪቅ ባሏ ነበር።

አትላንታ ውስጥ ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ጣሪቅ የእርሻ መሣሪያ ጥገና ሊማር ሮማኒያ በሄደበት ዘመን፣ ታናሽ ወንድሙ አብዱረህማን ለውትድርና ተወስዶ ሰሜን ጦር ግንባር ቀረ። ሬሳው አልተገኘም። መርዶም አልመጣም፤ የልጁ ደብዳቤ መቋረጡን የሚናገር የእናቱ ደብዳቤ ብቻ መጣ። በዚያው ሰሞን ተማሪዎቹን ማራሼሽቲ የሚባል ቦታ ወሰዷቸው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የወደቁ የሮማኒያ ወታደሮች ያረፉበት ትልቅ የድንጋይ ሐውልት አለ። ስማቸው የታወቀው ስማቸው እብነ በረድ ላይ ተቀርጾላቸዋል፤ ያልታወቁት አጽማቸው በአንድ ላይ ተቀምጧል።

«እነዚህ እንኳ አንድ ላይ ናቸው» ብሎ ነበር ለነዚፋ ሲያወራላት። «እጄን ድንጋዩ ላይ አደረግኩት። ነሐሴ ቢሆንም ይቀዘቅዛል። እጄ ሥር እስኪሞቅ ድረስ ማንሳት አቃተኝ። የእኛው ልጅ የት እንደተኛ እንኳ አናውቅም።»

በኋላ ኢጣሊያ ውስጥ የስደተኛ ቅጽ ሲሰጡት፣ ስም በሚለው ላይ አብዱረህማን ብሎ ጻፈ። ምንም አልጠቀመውም። ወንድሙ ስሙ የሚጠራበት አንድ ቦታ እንዲኖረው ፈልጎ ነው።

በሩ ተከፈተና ሽፈራው ገባ። ዳውንታውን ባለው የመኪና ፓርኪንግ ከሟቹ ጋር አሥር ዓመት ሠርቷል። ከትኬት መቁረጫው ቡዝ መስታወት ላይ የነቀለውን ፎቶ በሁለት እጁ ይዞ መጣ። ወጣቱ ጣሪቅ፣ ጸጉሩ ጎፈሬ፣ ፊቱን ከካሜራው አዙሮ መዳፉን እብነ በረድ ላይ አሳርፏል።

«እንዲህ ሆኖ ነው የሚውለው፣ ነዚፍዬ» አለ ሽፈራው ፍራሹ ላይ እየተቀመጠ። «አንድ ጊዜ ብትጠሪው አይሰማም። ሁልጊዜ በሁለተኛው ነው አቤት የሚለው። ጆሮህን ታከም፣ ካልሆነ እኔ ጡሩምባ ልግዛ ስለው ይስቃል።»

ነዚፋም በተጋቡ ሰሞን ይህንኑ ጠይቃው ነበር። «መጀመሪያ እሱ ይስማ ብዬ ነው» አላት።

ፎቶውን ከፎርሙ ጎን አኖረችው። የባሏን እውነተኛ ስም ብትጽፍ አብዱረህማን እንደገና ድንጋይ ያጣል። ዝም ብትል ደግሞ ጣሪቅ ሳይለቀስለት ይቀራል፤ እናቱም አንዱን ልጃቸውን አሥራ ስድስት ዓመት እንደጠበቁት፣ ሌላውን ስልክ ሥር ሲጠብቁት ይኖራሉ።

«ሐጂ» አለች። «የቀበራችሁት ጣሪቅን ነው።»

ከዚያ የቀረውን ሳታለቅስ፣ ወለሉን እያየች ነገረቻቸው።

«እኔ ደግሞ ጆሮውን ታመመ ብዬ» አለ ሽፈራው።

ሐጂ ኮፍያቸውን አውልቀው መልሰው አጠለቁት። «አላህ ማንን እንደቀበርን ያውቃል» አሉ በመጨረሻ። «እናትየዋ ናቸው የማያውቁት። እንደገና ሰው እልካለሁ።»

«አይላኩ። እኔ እደውላለሁ።»

«ልጄ፣ ሐዘንተኛ አያረዳም።»

«ጣሪቅ ይደውልልኝ ነው ያሉት። ቢያንስ ከቤቱ ይደወልላቸው።»

ሐጂ ፎርሙን ተመለከቱ። «ድንጋዩስ?» አሉ።

ነዚፋ እስክሪብቶውን አነሳች። ፊደሎቹን አንድ በአንድ፣ እየተጠነቀቀች ጻፈች፤ አብዱረህማን እንድሪስ። «ድንጋዩ ድንጋይ ላጣው ይሁን» አለች። «ዱዓው ላይ ግን፣ ሐጂ፣ ጣሪቅ ብለው ይጥሩልኝ።»

ሐጂ በእሺታ አንገታቸውን ነቀነቁና ፎርሙን ሊወስዱ እጃቸውን ዘረጉ። የነዚፋ መዳፍ ስሙ ላይ አርፏል። እጃቸውን ቀስ ብለው መለሱ፤ ወረቀቱ እጇ ሥር እስኪሞቅ ድረስ ጠበቋት።