የሩባብ ገላ፣ የአኑሼ ፊት

ሩባብ ሞላ ያለች ሴት ናት። በፓኪስታኗ ካራቺ ከተማ፣ ናዚማባድ በሚባለው ሰፈር፣ በልጅነቷ «ዱባዬ» እያሉ አሳደጓት፤ ስታድግ ቁልምጫው ቀርቶ ምክር ተተካ። «ሩዝ ቀንሺ።» «ጥቁር ልበሺ፣ ቀጭን ያስመስላል።» ሠላሳ ዓመት ሞልቷት በሴቶች ኮሌጅ የኬሚስትሪ መምህርት ስትሆን፣ ምክሩን በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው ማፍሰስ ለምዳ ነበር።

አንድ የታወቀ የሴቶች ፋሽን መጽሔት «ሁሉም ገላ ያምራል» የሚል ልዩ እትም ሊያወጣ አዳዲስ ሞዴሎች ሲፈልግ፣ ፎቶዋን የላከችላቸው የሥራ ባልደረባዋ ናት። ሲጠሯት ግን እምቢ አላለችም። አረንጓዴ ሐር አለበሷት። ፎቶ አንሺው «እንደፈለግሽ ቁሚ» ሲላት ግራ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አገጯን ቀና አደረገች። አዘጋጇ ወይዘሮ ዲልናዝ አጨበጨቡላት። በዚያ ቀን ሩባብ መስታወት ፊት ሳትሸማቀቅ ዋለች።

መጽሔቱ ሲወጣ እናቷ ገዝታ መጣች። ገጹን ገልጣ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«ሩቢ፣ እጁ የአንቺ ነው። አቋቋሙም የአንቺ፤ ቁርጥ የአባትሽን እህት። ፊቱ ግን የማን ነው?»

ፊቱ የአኑሼ ነበር፤ በየመንገዱ ዳር ባሉት ትልልቅ ማስታወቂያዎች ላይ የምትታየው የቀጭኗ ሞዴል። በሩባብ አንገት ላይ የአኑሼን ራስ ተክለውበታል። መጋጠሚያው እንኳ አይታይም።

በማግስቱ ሩባብ ከኮሌጁ አስፈቅዳ ወደ መጽሔቱ ቢሮ ሄደች። የአዘጋጇን በር ስትከፍት ሰው ቀድሟታል። አኑሼ ወንበር ላይ ተኮራምታ ታለቅሳለች።

«እትዬ ዲልናዝ፣ አጠፋችሁኝ እኮ! አክስቴ ደውላ ‹አረገዝሽ እንዴ?› አለችኝ። ያላገባሁትን! ያየኝ ሁሉ ‹ምን ውጠሽ ነው?› እያለ ይስቃል። እንዲህ ሆኜ ከምታይ ብሞት ይሻለኛል!»

ሩባብ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ለጠብ አዘጋጅታ የመጣችውን ቃል ተወችው።

«እንዲህ ማለት እንዴት?» አለች ቀስ ብላ።

አኑሼ ቀና አለች። መጀመሪያ አላወቀቻትም። ኋላ ዓይኗ ከፊቷ ወደ ትከሻዋ፣ ከትከሻዋ ወደ ወገቧ ወረደና ነገሩ ገባት። አፏን በእጇ ያዘች።

ወይዘሮ ዲልናዝ ብድግ አሉ። «ሩባብ የኔ እህት፣ ግቢ፣ ሻይ ይምጣልሽ። ነገሩ ምን መሰለሽ፣ የልብሱ ባለቤቶች ‹የሚታወቅ ፊት ካልሆነ ማስታወቂያችንን እናነሳለን› አሉን። ጊዜ አጠረን። ለአኑሼ ይቅርታ እናወጣለን።»

«ለኔስ?»

«አንቺን እኮ ማንም አላወቀሽም፣ የኔ ቆንጆ። ምን ተጎዳሽ?»

«እናቴ አውቃኛለች» አለች ሩባብ። «ገላዬ ለፎቶ ካማረ ፊቴ ምን በደለ? ደግሞስ ሁሉም ገላ ያምራል ካላችሁ፣ ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው ሰው እንደሞተበት የምታለቅሰው?»

ወይዘሮ ዲልናዝ ሻይ ለማዘዝ ስልኩን አነሱ።

በተከታዩ እትም የመጨረሻ ገጽ ግርጌ ላይ አጭር ይቅርታ ወጣ። ገላው የአኑሼ አይደለም ይላል። የማን እንደሆነ አይልም።

እናቷ «ተይው፣ የሰው አፍ ውስጥ አትግቢ» አለቻት። ሩባብ አልተወችውም። ፎቶ አንሺውን ወትውታ ዋናውን ምስል አስላከችና፣ ከነስሟ ኢንተርኔት ላይ ለጠፈችው። ካደነቃት የሰደባት በዛ። አንዱማ «ፊቱን የቀየሩት ይጽደቁ!» ብሎ ጻፈ። በዚያ ቀን ምሳ አልወርድ አላት፤ ያን ሁሉ ዓመት ያልሰማችውን «ሩዝ ቀንሺ» አሁን የሰማች መስሏት በገዛ ራሷ ተናደደች።

ጥቂት ቆይቶ አኑሼ ደወለች።

«እትዬ ሩባብ፣ ይቅርታ ልልሽ ነው። ከልቤ አልነበረም ልልሽ ነበር፤ ግን ውሸት ነው። ከልቤ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ አንቺን እንዳልመስል ነው የሚያስርቡኝ።»

ሩባብ ተናዳባታለች፤ ልጅቷ ግን አንጀቷን በልታዋለች።

«ዛሬ ምን በላሽ?» አለቻት።

«ፖም።»

«ሌላስ?»

«ፖም ብቻ።»

«ይቅር አላልኩሽም» አለች ሩባብ። «ግን ብይ።»

አኑሼ እንደገና ማልቀስ ጀመረች። ሩባብ አላባበለቻትም፤ ስልኩንም አልዘጋችባትም።