በፈቃዴ አይደለም

አክስቴ ኢሞጂን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መርከብ ሆድ ውስጥ ገመድ ስትዘረጋ የኖረች ሴት ናት። ፖርት አርተር ካለው የመርከብ ማደሻ ስትቀጠር ከኤሌክትሪክ ሠራተኞቹ መሀል ሴት እሷ ብቻ ነበረች፤ ጡረታ ስትወጣ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ሆና ወጣች። ያን ሁሉ ዓመት ግን አንድም ቀን ተሳፋሪ ሆና ባሕር አይታ አታውቅም። እናቴ ቨርዲ፣ የእሷ ታናሽ፣ ሰባ ዓመት ሊሞላት ሲቃረብ አክስቴ፣ "ስንቱን ጠግኜ ሸኘሁ፤ እስቲ አንዱ እንኳ እኛን ይሸከመን" አለችና ከጋልቬስተን ወደብ ተነስቶ ኮዙሜል ደሴት ደርሶ በሚመለስ የመዝናኛ መርከብ ላይ ለሦስታችን ቦታ ያዘች።

እናቴ ተኝታ ሳለ ትንፋሿ የሚቋረጥ ሕመም አለባት። ሐኪሟ በመሣሪያ ለክቶ በሰዓት አርባ ሦስት ጊዜ መተንፈስ እንደምታቆም ነግሯታል። ከዚያ ወዲህ የምትተኛው ፊቷ ላይ ጭንብል አጥልቃ ነው፤ ጭንብሉ በቱቦ ከአንዲት ትንሽ ማሽን ጋር ይያያዛል፣ ማሽኗም እስኪነጋ አየር ትገፋላታለች። እናቴ ታፍርባታለች። አንድ ጊዜ ከመዘምራን ጓደኞቿ ጋር ለጉባኤ ሂዩስተን ሄደው አንድ ክፍል ሲሰጣቸው፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብላ ወንበር ላይ አነጋች እንጂ ማሽኗን ከሻንጣ አላወጣችም።

ችግሩ የሶኬቱ ቦታ ነበር። የማሽኗ ገመድ አንድ ሜትር ተኩል ነው። አክስቴ የመርከቡን ክፍል ፎቶ አጉልታ ስታይ ሶኬቱ ያለው ከአልጋው ማዶ፣ መስተዋቱ ሥር ነው። ድርጅቱ ጋ ሦስት ጊዜ ደወለች። የመጀመሪያው ሰው ማራዘሚያ ገመድ መያዝ ክልክል ነው አላት። ሁለተኛዋ መርከቡ ራሱ ይሰጣል አለቻት። ሦስተኛው ለሕክምና ከሆነ ይዘሽ ነይ፣ በር ላይ አይተው ያሳልፉልሻል አላት። የሦስቱንም ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን በማስታወሻዋ ጽፋ ወደ ጋራዧ ገባችና በራሷ እጅ ሦስት ሜትር ማራዘሚያ ሠራች። ወፍራም ገመድ፣ በአንድ ጫፉ ስፒና፣ በሌላው አንዲት ሶኬት፤ ሌላ ምንም የለበትም።

እኔ ዳርላ ደግሞ ለሦስት ሴት አንድ ሶኬት አይበቃም ብዬ፣ ለማንም ሳልናገር ትንሽ ካውያና ስድስት ቀዳዳ ያለው ዲቫይደር ሻንጣዬ ሥር ከተትኩ። ዲቫይደሩ ከኃይል መዋዠቅ የሚከላከል ነገር ያለበት፣ ቀይ መብራት የሚያበራው ዓይነት ነው። ጥሩ ዕቃ ይዤ የሄድኩ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ወደብ ደረስን። ሻንጣዎቻችን በራጅ ማሽኑ አልፈው ሲወጡ ሦስቱም ወደ ጎን ተገፉ። ስታንሲል የሚባለው የፍተሻ ኃላፊ ረጅም ሰው ነው፤ ትሑት ነው፣ ግን የሰው ዓይን አያይም። ሻንጣዎቹን ከፍቶ ካውያዬን፣ ዲቫይደሬን፣ የአክስቴን ማራዘሚያና የእናቴን ማሽን ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። እናቴ ወዲያው ሹራቧን አውልቃ ማሽኗ ላይ ጣል አደረገች። ከኋላችን ሰልፉ እስከ በሩ ነበር።

"እናቴ፣ ማሽኑ ይለፍ" አላት አክስቴን። "ሌላው እዚህ ይቀራል። ሲመለሱ ይወስዱታል።"

"እናትህ አይደለሁም፤ ወይዘሮ ጊለሪ ነኝ" አለችው። "ማሽኑ ያለ ገመዱ የት ሊሰካ ነው? አፏ ውስጥ?"

ስታንሲል መርከቡ ማራዘሚያ እንደሚሰጥ፣ ክፍላችን ገብተን አስተናጋጁን መጠየቅ ብቻ እንደሚበቃን ነገራት። አክስቴም እንግዲያው አሁኑኑ አምጥተው በእጄ ይስጡኝና የእኔን እተዋለሁ አለችው። ስታንሲል በሬዲዮ ጠየቀ። የመጣውን መልስ ሁላችንም ሰማነው፤ ያሉት ገመዶች ለሌሎች ተሰጥተው አልቀዋል፣ ምናልባት በኋላ ይገኝ ይሆናል።

"በኋላ ማለት የት ነው?" አለች አክስቴ። "ባሕሩ መሀል?"

ያኔ ወረቀት አወጣላት። የተያዙት ዕቃዎች ዝርዝር ነው፤ ከሥሩ "ከላይ የተጠቀሱትን በፈቃዴ አስረክቤያለሁ" ይላል። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ሁለተኛም አነበበችው። ከዚያ ከእጁ ላይ እስክሪብቶውን ወስዳ "በፈቃዴ" የሚለውን ቃል ሰረዘችና ከጎኑ በትልልቁ "በፈቃዴ አይደለም" ብላ ጻፈች። ሳትፈርም መለሰችለት።

ስታንሲል የተሰረዘ ወረቀት መቀበል አይችልም። ሌላ አወጣ። እሱንም ሰረዘችው። ሦስተኛውን ሊያወጣ ሲል እኔ አላስቻለኝም፤ አክስቴ፣ በእግዚአብሔር፣ ሰው እያየን ነው አልኳት። እሷ ግን ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዲቫይደሬን አነሳችው።

"ይሄ የማን ነው?"

የኔ ነው አልኩ።

"በዚህስ ልክ ነህ" አለችው ስታንሲልን። "ያዘው። ከፈለግህ ስበረው።" ወደ እኔ ዞረች። "እቤት ከሁለቱ ሽቦ አንዱ ብቻ ነው ኃይል የሚያመጣው። መርከብ ላይ ሁለቱም ያመጣሉ። ይሄ ደግሞ የሚቆርጠው አንዱን ብቻ ነው። መብራቱ ጠፋ ብለሽ ትተኛለሽ፣ እሱ ውስጥ ውስጡን ይነዳል። በዚህ የተቃጠለ ክፍል እኔ በእጄ ጠርጌያለሁ።" ካውያውንም ሳታየው ገፋችለት።

ስታንሲል ዲቫይደሩን አገላብጦ አየው። ይህን ያህል ጊዜ እንዲህ ዓይነቱን ዕቃ ሲይዝ ኖሮ ለምን እንደሚይዘው የነገረው እንዳልነበረ ፊቱ ያስታውቃል።

"ለምን እንደተከለከለ ካላወቅህ" አለችው፣ ድምጿን ሳታነሳ፣ "የኔን ገመድ ከዚህ በምን ለየኸው?"

"እኔ ሕጉን አላወጣሁትም፣ ወይዘሮ ጊለሪ። ማራዘሚያ ማራዘሚያ ነው።"

"እንግዲያው የሚለይ ሰው ጥራልኝ። መርከቡ ኤሌክትሪሺያን አለው።"

ተሳፋሪ ተነስቶ የመርከብ ባለሙያ ማስጠራት እንደማይችል ነገራት። አክስቴም እሺ አለችና ከግድግዳው ሥር ወንበር ስባ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። በሩ የሚዘጋው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ስታንሲል ይህን አስታወሳት። አውቃለሁ አለችው። የወደቡን ፖሊስ ሊጠራ እንደሚችልም ነገራት። ጥራ አለችው፤ ምናልባት እሱ ኤሌክትሪክ ያውቅ ይሆናል።

አንድ ሰዓት እንዲያ አለፈ። ሰልፉ በአጠገባችን እያለፈ ገባ። አንዳንዱ በአዘኔታ፣ አንዳንዱ በንዴት አየን። አክስቴ በእጅ ቦርሳዋ ይዛው የመጣችውን የተጠበሰ ቋሊማ በሰናፍጭ አወጣችና መብላት ጀመረች፤ ለስታንሲልም ዘረጋችለት። አልፈልግም አለ።

ከዚያ ስታንሲል ብልሃት ያገኘ መሰለው። አክስቴን ትቶ ወደ እናቴ ሄደና ጎንበስ ብሎ በለስላሳ አነጋገር ያግባባት ጀመር። እርስዎ ለምን ይንገላታሉ፣ ይግቡና ምሳዎን ይብሉ፣ እህትዎ ይደርሱብዎታል፤ ለነገሩ አምስት ሌሊት ምን አላት፣ ስንቱ ሰው ያለ ማሽን ይተኛል፣ ትራስ ከፍ ቢያደርጉ ይበቃል አላት።

እናቴ እንደምትሄድ እርግጠኛ ነበርኩ። ዕድሜዋን ሙሉ እሺ ያለች ሴት ናት። እሑድ ማታ እንኳ ለእኔ ብቻ፣ ኢሞጂን ነገር ካነሳች እኔ አምስት ሌሊት ተቀምጬ እተኛለሁ፣ አንቺ አብርጃት ብላኝ ነበር። ከወንበሯ ተነሳች። ሻንጣዋን ትይዛለች ስል ጠረጴዛው ጋ ሄደችና ሹራቧን ከማሽኑ ላይ አነሳች።

"ትራስ?" አለች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእናቴ ሰምቼ አላውቅም። "በሰዓት አርባ ሦስት ጊዜ ነው ትንፋሼ የሚቆመው። ቁጥሩን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፣ ሐኪሙ ነው። አንተ አልጋዬ አጠገብ ቁጭ ብለህ አርባ ሦስት ጊዜ ትቀሰቅሰኛለህ? ካልሆነልህ ስለ ትራስ አትንገረኝ።"

ይህን ብላ ጭንብሉን ከማሽኑ ከረጢት አወጣች። የላስቲክ ማሰሪያውን በጭንቅላቷ አዙራ፣ ለጉዞው ያሠራችውን ጸጉር እያበላሸች፣ አፍንጫዋ ላይ አጥብቃ አሰረችው። ቱቦው ደረቷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እያየ፣ ሄዳ ከአክስቴ ጎን ተቀመጠች። አክስቴ የያዘችውን ቋሊማ አስቀምጣ አፏን በመሐረብ ያዘች።

እኔም ሦስተኛ ወንበር አምጥቼ ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ።

ከሰልፉ አንዲት ወፍራም ሴት ወጣ ብላ ወደ እናቴ ተጠጋች። ልትቆጣ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። "ይቅርታ እህቴ" አለቻት ቀስ ብላ፣ "ማሰሪያው ሥር ያደረግሽውን የጉንጭ ጨርቅ ከየት አገኘሽው? የኔ ማሰሪያ ፊቴን ይልጠኛል።" እናቴ ጭንብሉን እንዳጠለቀች፣ በታፈነ ድምፅ፣ ራሷ እንደሰፋችው ነገረቻትና ጨርቁን ፈትታ አሳየቻት። ሁለቱ ስለ ስፌቱ ሲያወሩ ሰልፉ ቆመ። ሴትየዋ ደግሞ ወደ ስታንሲል ዞራ፣ እኔም ያው ማሽን አለኝ፣ እኔስ ገመድ ከማን ነው የምወስደው ስትል ጠየቀችው።

ስታንሲል የቆመውን ሰልፍ አየ። ከዚያ ሬዲዮውን አነሳና የመርከቡ ኤሌክትሪሺያን ይምጣልኝ አለ።

የመጣው አርሴንዮ የሚባል አጭር ፊሊፒናዊ ነው፤ ቱታው ላይ የቅባት ጠብታ አለ። ማንንም ሰላም ሳይል ገመዱን አነሳ። በእጁ እየመዘነ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬደው፣ ጠመንጃ መፍቻ አውጥቶ ስፒናውን ከፈተና ውስጡን አየ። ፈገግ አለ።

"ማነው የሠራው?"

"እኔ" አለች አክስቴ።

"የት ነው የሠሩት፣ እናቴ?"

ይኸኛውን እናትህ አይደለሁም አላለችውም። የሠራችበትን ማደሻ ነገረችው፤ እሱም በወጣትነቱ እዚያ ሁለት ወር ቆሞ የነበረ መርከብ ላይ እንደሠራ ነገራት፤ የትኛው ማቆሚያ፣ የትኛው ፎቅ እየተባባሉ እኛን ረሱን። ስታንሲል ጉሮሮውን ጠረገ። ያኔ አርሴንዮ ቁም ነገሩን ተናገረ። ገመዱ መርከቡ ላይ ካሉት ሁሉ ይሻላል። ነገር ግን የተሳፋሪ ገመድ ብሎ ማሳለፍ አይችልም፤ መርከቡ ውስጥ የሚገባው የመርከቡ ቁጥር ያለበት ብቻ ነው። ማድረግ የሚችለው አንድ ነገር ነው። ቁጥር አስሮበት የመርከቡ ንብረት ያደርገውና ራሱ ክፍላችን ድረስ መጥቶ ይሰካዋል። ከዚያ በኋላ ግን ገመዱ ወደ አክስቴ አይመለስም።

አክስቴ አሰበች። ገመዱን መስጠት አልከበዳትም፤ የከበዳት እነሱ እንደወሰዱት ሆኖ መጻፉ ነው።

"እሰጣለሁ" አለች። "ግን ወረቀቱን እኔ ነኝ የምጽፈው።"

ስታንሲል ባዶ ወረቀት ሰጣት። እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "ይህን ማራዘሚያ እኔ ኢሞጂን ጊለሪ ለመርከቡ ሰጥቻለሁ። መርከቡ ሊሰጠኝ የሚገባውን ስላልነበረው ነው። ከእኛ በኋላ ለሚመጣ በሽተኛ ይሁን።" ፈረመች፤ አርሴንዮንም አስፈረመችው፤ ስታንሲልንም። የካውያውንና የዲቫይደሩን ወረቀት ያለ አንድ ሰረዝ ፈረመችለት፤ እሱ እውነት ስለሆነ። ለዚያች ወፍራም ሴትም ገመድ ሳይገኝ አንገባም አለች አክስቴ፤ አርሴንዮ ከራሱ መሥሪያ ክፍል አንድ አስመጣላት።

ስንገባ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ሆኗል። እናቴ ጭንብሉን ያወለቀችው ምሳ ልትበላ ስትል ነው።

ከተመለስን በኋላ አክስቴ ለድርጅቱ ደብዳቤ ጻፈች። ማራዘሚያ ገመድ በፍተሻው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ ፈታሾቹም የሚይዙት ዕቃ ለምን ክፉ እንደሆነ ይማሩ የሚል ነው። ለሚቀጥለው ጉዞ የቅናሽ ኩፖንና ይቅርታ ላኩላት። ኩፖኑን በዚያው ፖስታ መለሰችው። ሁለተኛ ኩፖን መጣ፣ ያንንም መለሰች። እናቴ አንዱን እንኳ እናስቀረው፣ መርከቡ እኮ ደስ ይል ነበር ስትላት፣ አክስቴ የጠየቅኋቸው ሌላ፣ የሰጡኝ ሌላ አለቻት። ሦስተኛው ደብዳቤ ባለፈው ሳምንት ሄዷል፤ እናቴም ከሥሩ ፈርማበታለች።